የአሮጊቷን ፓምፕ ማን አደረቀው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 8። ከቀኑ 7 ሰ.

ሁለት መቶ ሠላሳ ጊዜ ገፋሁ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ጊዜ ሳብኩ። ጠብታ የለም። ፓምፑ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ይስላል እንጂ ውሃ አይተፋም። የጀልባዋ ሆድ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሞልቶ ነበር። በባልዲ ቀድቼ ጨረስኩት። ወገቤ የለም።

ይህ አራተኛ ጧት ነው፣ ደብተሬ። ማታ ደህና ይስባል። ትናንት 11 ሰ. ላይ ትቼው ስሄድ ውሃውን እንደ ጅረት ይወረውር ነበር። ምስክሩ እኔ ነኝ፣ ከኔ የበለጠ ምስክር የለም። ጧት ስመጣ ሞቷል። ብረት ብቻውን አድሮ አይታመምም። ሰው ነው የሚያሳምመው።

አዲስ ደብተር ስለሆንክ አታውቀኝም፣ ይቅር ብዬሃለሁ። በላቸው እባላለሁ። በባቡሩ መስመር ውሃ ጣቢያ ስድስት ዓመት ፓምፕ ገፍቻለሁ። እኔ ባልኖር ባቡሩ ተጠምቶ በረሃ ላይ ይቀር ነበር። ይህን ሌላ ሰው አይነግርህም፣ ቅናት አለ። በወገቤ ያለው ሰፊ ቀበቶ የዚያን ጊዜ ነው። አሁን የአቶ ገብረ መድኅን ጀልባ ላይ ነኝ። (ከእንግዲህ አቶ ገ/መ.። ስም በሰያፍ ጭረት መቁረጥ ማታ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ ቀለም ይቆጥባል፣ የተማረ ሰውም ያስመስላል።) ጀልባዋን አንድ ፈረንሳዊ ሲንሸራሸርባት ኖሮ ስታረጅ ነው ለእሳቸው የሸጠላቸው። ጎኗ ላይ ስም አላት፣ ግን በፈረንጅ ፊደል ነው፣ አይመለከተኝም። እኛ አሮጊቷ እንላታለን።

አሮጊቷ ታፈሳለች። ድሮም ታፈስ ነበር። ፓምፑ እስከሳበ ድረስ ግን ማንም ነገሬ አይለውም። ዛሬ አቶ ገ/መ. ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሆዷ አዩ። ረቡዕ ማሽላ ጭና ከጅቡቲ ወደ ታጁራ ትሻገራለች። ረቡዕ ጧት ፓምፑ ካልሳበ ከሁለታችን ጥፋተኛው ከጀልባዋ ሥራ ይወርዳል፤ ማን እንደሆነ እስከዚያ ይጣራል፤ ብለው ሄዱ።

ሁለታችን ማለት እኔና ሐጂ ሑመድ። ሐጂ አፋር ነው፣ የታጁራ ሰው፣ ጺሙ በሒና የቀላ። አቶ ገ/መ. ሳይገዟት ጀምሮ አሮጊቷን የሚነዳት እሱ ነው። እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ይሰግዳል፣ እዚያው ዓሣውን ይጠብሳል። ሌላ ቤት ያለው አይመስለኝም። እኔን "ያ ወለድ" ይለኛል፣ በዐረብኛ አንተ ልጅ ማለቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው!

እስቲ አስብ ደብተሬ። ማታ እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ጀልባዋ ላይ ማን ይቀራል?

ዓርብ፣ መጋቢት 9። 7 ሰ. ተኩል

ከተማው በሙሉ ከሙቀት ተደብቆ ተኝቷል። እኔ ሸራው ጥላ ሥር እጽፋለሁ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ነጠብጣቡን እንደ ነቁጥ እንዳታነበው።

ዛሬ ሥራውን በሥርዓት ጀመርኩ። ፓምፕ ማለት ቀላል ነገር ነው (ለሚያውቅ)። የነሐስ በርሜል። በርሜሉ ውስጥ በእጀታ የሚወጣና የሚወርድ ክብ ቆዳ፣ እንደ ቆብ ጎበጥ ያለ። ከሥሩ ቱቦ። ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ ቆሻሻ የሚከለክል ወንፊት። ቆዳው በርሜሉን ጥብቅ አድርጎ ከያዘ ውሃ ይመጣል። የሆነ ቦታ አየር ከገባ ግን ሳል ብቻ።

መጀመሪያ በባልዲ ውሃ አጠጣሁት። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሳበ፣ ከዚያ ሳል። አየር ይገባል ማለት ነው። ሐጂን ግፋ አልኩና ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጥፌ ከላይ እስከ ታች ሄድኩ። መጋጠሚያው ላይ ሲስስስ የሚል ነገር። በቅጥራን የተነከረ ጨርቅ ጠመጠምኩበት። እኩለ ቀን ላይ እንዴት እንደሳበ! ወደቡ ዳር ለተቀመጡት ሁሉ ተናገርኩ። ሐጂ ብቻ ወደ ባሕሩ ፈገግ አለ። የሚያስፈግግ ምን አለ ባሕሩ ላይ?

ቆዳውን አልጠረጠርኩትም። ቆዳ ሞራ ይፈልጋል፣ ካልተቀባ ይደርቃል፣ ይጠብባል። እኔ ደግሞ በዐቢይ ጾም ሞራ በእጄ አልነካም። ስለዚህ የቅበላ ዕለት፣ ካረድነው በሬ ላይ ሞራ ወስጄ፣ ቆዳውንም በርሜሉንም ሞልቼ ጠቀጠቅኩበት። የሃምሳ አምስት ቀን ስንቅ! ይህን የሚያስብ ሌላ ጭንቅላት በጅቡቲ አለ? የለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10። ማታ

ጧት እንደገና ሞተ። ቅጥራኔ እንዳለ ነው፣ አየሁት። ስለዚህ ቱቦው አይደለም።

ሆዷ ውስጥ ገብቼ ወንፊቱን ፈታሁ። በማሽላ ገለባ ተለስኗል። ከገለባው መካከል ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁ፦ ነጭ፣ የዕንቁላል የሚያህል፣ የሚያሙለጨልጭ። ሳሙና! ሆን ብሎ የጣለው ሰው አለ። በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠብ ማን ነው? በመሐረብ ጠቅልዬ ማስረጃውን ኪሴ ከተትኩ። የፖሊስ ኮሚሴሩ ቢያየኝ በማግሥቱ ይቀጥረኝ ነበር።

ሐጂ ምን አገኘህ አለኝ። ገለባ አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም አየሁት።

ወንፊቱን አጠብኩ፣ ከቱቦው ሥር ያለችውን፣ ውሃ እንዳይመለስ የምትዘጋውን የቆዳ ምላስ አየሁ፣ ደህና ናት። ማታ ላይ ሳበ። እንደ ልማዱ።

ብርቄ መጣች። ብርቄ እዚህ አጠገብ አንድ ፈረንሳዊ ቤት ሠራተኛ ናት፣ እዚያው ታድራለች። ጎህ ሲቀድ ለጌቶቿ ዓሣ ትገዛለች። ማታ ትምህርት ቤት ከፊቴ ነው የምትቀመጠው። ፊደል ከኔ ሁለት ሳምንት ቀድማ ጨርሳለች፤ ምክንያቱም እኔ የማስበው ብዙ ስላለኝ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"አንተ በላቸው፣ ያ የናንተ ሐጂ በጾም ቋንጣ ይሰቅላል እንዴ?"

"ሐጂን የኛ ጾም ምን አገባው?"

"እኮ! ላንተ እንዳይሆን ብዬ ነዋ የጠየቅኩህ።"

ዓሣ ሻጮቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቄ የቆመው ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ነው። ቋንጣ? ሐጂ ከዓሣ በቀር ሥጋ ሲበላ አይቼው አላውቅም።

እሑድ፣ መጋቢት 11

ሥራ የለም። ቅዳሴ። ማስረጃዬን ቤት ጥዬ ቢሰርቁኝስ ብዬ በኪሴ ይዤው ገባሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ሙቀት፣ ሰው በሰው ላይ። በመካከል ጭኔ ረጠበ። ኪሴ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል እድፍ።

ስንወጣ ብርቄ አየችው። መሐረቡን ነጥቃ አሸተተች። ፊቷን ብታይ!

"ይሄ ሳሙና ከሆነ እኔ የጅቡቲ ገዢ ነኝ። ሞራ ነው፣ ሞኝ! ሞራ ይዘህ ነው ቅዳሴ የቆምከው?"

ዝም በይ አልኳት። ዝም አላለችም። እስከ ቡላዎስ ሰፈር ድረስ ስትስቅ ሄደች።

ቤት ገብቼ አሰብኩ። ሞራ ከሆነ የኔ ሞራ ነው፣ የቅበላው። እኔ የጠቀጠቅኩት ግን ቆዳው ላይ ነው። ወንፊቱ ድረስ ምን አወረደው? ፍቆ ያወረደው ሰው አለ። የሚፍቅ ደግሞ ፓምፑን ይፈታል። የሚፈታ ደግሞ ቆዳውን ያወጣል።

ብርቄ ያየችው ቋንጣ!

ነገ ጎህ ሳይቀድ እነሣለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 12። 8 ሰ.

ያዝኩት።

ገና 12 ሰ. ሳይሆን ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ጀርባ ተቀመጥኩ። ሐጂ ሰገደ። ተነሣ። ወደ ሸራው ምሰሶ ሄደ። ከገመዱ ላይ አንድ ጥቁር ክብ ነገር አወረደ፣ በጣቱ አንኳኳው (እንደ እንጨት ጮኸ!)፣ ፓምፑን ፈታ፣ ከተተው፣ መልሶ አሰረው። እጁን ታጠበ። ቁጭ ብሎ ሻዩን ጠጣ፣ ምንም እንዳላደረገ።

ለዳቦ ሲወጣ ገብቼ ፈታሁት። ቆዳው ደርቆ ተኮማትሯል። በበርሜሉና በቆዳው መካከል ጣቴ ሊያልፍ ነው። ላዩ በአሸዋ ተፈግፍጎ ተጫጭሯል። ሞራ የሚባል ነገር ሽታው እንኳ የለም። አሁን ሁሉም ገባኝ፦ ቀን ሲገፋ ቆዳው ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ ስለዚህ ማታ ይስባል። ማታ ሐጂ አውጥቶ በአሸዋ ያሸዋል፣ ይሰቅላል፣ ነፋሱ ያደርቀዋል። ጧት ሙት።

እኔን ሊያስወርድ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ስለዚህ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ወረቀት ተበላሸ፣ አራተኛው እንደ ሕትመት ወጣ። ቅጂው ይኸው፦

ይድረስ ለአቶ ገብረ መድኅን። እንደምን ሰነበቱ። ፓምፑን ያበላሸው ሐጂ ሑመድ ነው። ሐጂ ሑመድ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ብልጠት ብቻ ይሠራል። ሐጂ ሑመድ ያደረገውን ደብቆ በሌላ ሰው ያሳብባል። ማሽላው ባሕር ቢገባ ተጠያቂው ሐጂ ሑመድ ነው። ስለዚህ ሐጂ ሑመድ ከጀልባዋ ይውረድ። በላቸው።

ምኒልክ አደባባይ፣ ሱቃቸው ድረስ ወስጄ በእጃቸው ሰጠሁ። አገላበጡት። አንተ ነህ የጻፍከው? አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል አሉ። ቁመቴ አንድ ክንድ ጨመረ። ግን መነጽራቸው ተሰብሯል፣ ምትኩ ገና አልመጣም። አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱትና ረቡዕ ጧት ሐጂ ባለበት አንተው ታነብልናለህ አሉ። ሰው በሌለበት የተነገረ ነገር አልወድም አሉ።

ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ቅዳሜ ሐጂን ጠይቀውት ነበር። ፓምፑ አርጅቷል፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ልጁ ጎበዝ ሠራተኛ ነው ብሏቸዋል።

ለምን? ለምን ያመሰግነኛል? ደብተሬ፣ ይህ ሰው ጥልቅ ነው። ከዚህ ምስጋና በስተጀርባ አንድ ነገር አለ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13። 11 ሰ.

ከሩጫ መመለሴ ነው፤ ቀለሙን አትውቀስ።

ጧት ሄጄ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሐጂ፣ ቆዳውን ለምን ያደርቁታል? አልኳቸው። ልጮህ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው አልደነገጡም። ገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጡ፣ ተቀመጥ አሉኝ።

ጾማችሁ በገባ በመጀመሪያው ቀን ፓምፑ ውስጥ እጄን ብሰድ እስከ አንጓዬ ሞራ ሆነ፣ አሉ። የማን ቢላዋ ያረደው? ያንተ። በማን ስም? ባንተ ሥርዓት። እኔ በዚህ እጄ ዓሣዬን እበላለሁ። አንተ የኔን እርድ አትበላም፣ እኔም ያንተን አልበላም፣ እንዲህ ሆነን ነው በሰላም የኖርነው። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የዕቃ ቦታ እንደሚነግሩኝ ዓይነት ነው የነገሩኝ።

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? አልኩ።

"ያ ወለድ፣ ያን ቀን ወደቡ ዳር ቆመህ የሃምሳ አምስት ቀን ስንቅ ጠቀጠቅኩ እያልክ ለሰው ሁሉ ትናገር ነበር። ሰው መካከል ላሳፍርህ?"

ስለዚህ በየማታው ያወጣሉ። በአሸዋና በባሕር ውሃ ያሹታል፣ ይሰቅሉታል፣ እንዳላውቅባቸው ጧት ይመልሱታል። ይኸው ነው። ፈርቼ አይደለም፣ አክብሬህ ነው አሉ። ሞራው እጀታው እንዳይንቋቋ የሚደረግ ነው የመሰላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባልዲ የሚቀዳ ጀልባ ላይ ነው የኖሩት፤ አሮጊቷም ፓምፕ ያየችው ከኔ ጋር ነው። ስለ ፓምፕ የሚያውቀው ልጁ ነው ብለው ተውት።

ቆዳ ሲደርቅ ይጠብባል ሐጂ፣ አየር ያስገባል፣ አልኩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

በዚህ በጅቡቲ ሙቀት አንድ ጊዜ የተጠቀጠቀ ሞራ ቀልጦ ወደ ወንፊቱ እንደሚወርድ፣ እዚያም ቀዝቅዞ እንደሚረጋ፣ የትኛውም የውሃ ጣቢያ ሠራተኛ ያውቃል። ጣቢያው ላይ በየሦስት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ነበር የምንቀባው። አውቃለሁ! ግን እጄ እንዳይነካው ብዬ የሁለት ወሩን ባንድ ቀን ጨረስኩት። እኔ ከሞራው እጄን ሸሸሁ፣ እሳቸውም ሸሹ፣ መካከል ላይ ቆዳው ደረቀ።

ሐጂ መጀመሪያ ሳቁ። ጥርሳቸው ሦስት እንደሆነ ዛሬ አየሁ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ደብዳቤው ትዝ አለኝ። አልነገርኳቸውም። አፌ እምቢ አለ፤ አፌ እምቢ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራ ገባን። የተጫጫረው ቆዳ ከእንግዲህ አይሆንም። ሌላ ወፍራም ቆዳ ከየት? ሐጂ ወገቤን አዩ። እኔም ወገቤን አየሁ። የባቡር ቀበቶዬ! ስድስት ዓመት! ፈታሁት። ሰፊውን ቦታ ሐጂ በካራቸው ክብ አድርገው ቆረጡት፣ ውሃ ውስጥ አቆይተን በጣሳ ቂጥ ላይ ወጥረን ቆብ አስመሰልነው። ሱሪዬን አሁን በገመድ ነው የታጠቅኩት። ብርቄ እንዳታይ።

ቅባቱስ? የሰሊጥ ዘይት እኔም እበላለሁ፣ እሳቸውም ይበላሉ። ግን ዘይት ብቻውን ይታጠባል። ቤት ሄጄ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ሁለት ጧፍ አመጣሁ። ሰም የንብ ነው፣ ቢላዋ አልነካውም። ሐጂ ይሁን አሉ። ማቅለጫ ጣሳቸው ዓሣ ይሸታል፤ ጾም ላይ ነህ ብለው በአሸዋ ሦስት ጊዜ አሹልኝ። ያ አሸዋ!

ቀባነው። ከተትነው። በሦስተኛው ግፊት ውሃው ወጣ። አላቆመም። እኔ ገፋሁ፣ እሳቸው ገፉ፣ እስከ ደረቁ እንጨት ድረስ አወጣነው። ከእንግዲህ ቆዳው ማታ አይወጣም ተባባልን። እርጥብ ጨርቅ የፓምፑ አፍ ላይ ጣልን።

10 ሰ. ላይ ደብዳቤዬን ላስመልስ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ዝግ ነው። አቶ ገ/መ. እንግዳ ሊቀበሉ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደዋል። ጣቢያ ደረስኩ፣ ወጥተዋል። ኮቱ ከሳቸው ጋር ነው። ደብዳቤው ከኮቱ ጋር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14። ጧት 1 ሰ. ተኩል

ሳበ። በሦስተኛው ግፊት፣ ጧት! ሐጂ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ እኔም በልቤ የራሴን አልኩ። ተሸካሚዎቹ ማሽላውን እየጫኑ ነው።

ፓምፑ ከሳበ የሚወርድ የለም ትላለህ ደብተሬ። እኔም እንዲያ ብዬ ራሴን ስደልል አደርኩ። ግን ደብዳቤው አለ። አቶ ገ/መ. የሰጧቸውን ነገር አይረሱም። ታነብልናለህ ብለዋል፣ ያስነብቡኛል። ካነበብኩ ሐጂ ቤታቸውን ያጣሉ፣ እሳቸው እኮ ሲጠየቁ ለጥፋት ስሜን አልጠሩም። ባዶ ነገር ፈጥሬ ባነብስ? መነጽር የለም፣ ሐጂ አማርኛ አያነቡም፣ ማንም አያውቅብኝም። ይህን አሰብኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ጊዜ አሰብኩት። ግን የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያ ንባቤ በውሸት ይሁን?

ቅጂውን እዚሁ ደብተሬ ውስጥ እንደገና አየሁት። ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ብልጠት ብቻ ይሠራል። ያደረገውን ደብቆ በሌላ ሰው ያሳብባል። ከስሙ በቀር የሚታረም ቃል አጣሁበት።

ስሙ አምስት ቦታ ነው ያለው። አምስቱም ቦታ ላይ በላቸው ብዬ አነባለሁ። ድምፄን ሳልቀንስ፣ እንደምፎክረው አድርጌ።

አምስተኛው "ከጀልባዋ ይውረድ" ከሚለው ፊት ነው። እሱንም አነባለሁ። ከዚያ በኋላ አቶ ገ/መ. ያሉት ይሁን፤ ቀበቶዬ እንደሆነ ከአሮጊቷ ጋር ታጁራ ይሻገራል።

ባርኔጣቸው ከሩቅ ታየኝ። እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ሐጂ "ያ ወለድ፣ ና፣ መጡ!" ይሉኛል። መጣሁ ሐጂ